ኦፕንቲቲዲ፦ ትልቅ ሕንጻ (4×4 ኦብጀክት) በኤንኤምኤል ማስገባት፣ የሚጠፋ ስዕልና ግድግዳ ላይ የሚወጣ ባቡር

#1 ሐዲድ_ዘርጊ

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። የአፍሪካ ኅብረትን ዋና መሥሪያ ቤት ለኦፕንቲቲዲ (ለትራንስፖርት ጨዋታው) በኤንኤምኤል (የጨዋታው ተጨማሪዎች በሚጻፉበት የኮድ ቋንቋ) እየሠራሁት ነው። ክቡ የጉባኤ አዳራሽ ከፊት፣ ማማው ከኋላ፣ በጠቅላላው 4×4 ታይል (የካርታው አራት ማዕዘን ቁራጭ) የሚይዝ ኦብጀክት (ተጫዋቹ ካርታው ላይ የሚተክለው ነገር) ነው። ኮምፓይሉ ያለ ኤረር ያልፋል፤ ጨዋታው ውስጥም ይተከላል። ጣጣው የሚጀምረው ከተተከለ በኋላ ነው፦

ካርታውን ወደ ጎን ስጎትት የሕንጻው ግማሽ ድንገት ይጠፋል፤ መልሼ ስጎትት ይመጣል። በሕንጻው ጀርባ በግራ በኩል የሚያልፍ ባቡር ደግሞ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይታያል። መስታወቱ ሰማያዊ ነበር፤ በቀይ ኩባንያ ስጫወት ቀይ ሆነ። መምረጫው መስኮት ላይ ያለው ምስልም ከሳጥኑ ወጥቶ የተቆረጠ ነው።

አሠራሬ ይህ ነው፦ ሙሉውን ሕንጻ 256 ፒክስል ስፋት ባለው አንድ ስዕል ሬንደር አድርጌ (ከ3ዲ ሞዴሉ ወደ ስዕል አውጥቼ) ሰሜናዊው ታይል ላይ አስቀመጥኩት። የቀሩት 15 ታይሎች ባዶ መሬት ናቸው። የቱ ጋ ነው የሳትኩት?

#2 ሰሜን_ጥግ

የሳትከው "አንድ ሕንጻ፣ አንድ ስዕል" ያልከው ላይ ነው። ለዚህ ጨዋታ ትልቅ ሕንጻ የሚባል ነገር የለም፤ ጎን ለጎን የቆሙ ታይሎች ናቸው ያሉት። እያንዳንዱ ታይል የሚስለው የራሱን ድርሻ ብቻ መሆን አለበት።

መጀመሪያ ልኮቹን እንያዝ። በመደበኛው ዙም አንድ ታይል በስክሪን ላይ 64 ፒክስል ስፋትና 31 ፒክስል ቁመት ያለው ሮምበስ ነው። ሁሉም ነገር የሚለካው ከሰሜናዊው ጥግ፣ ማለትም ከሮምበሱ የላይኛው ጫፍ ነው። የመሬት ስፕራይት (የታይሉ ስዕል) ኦፍሴት (ስዕሉ ከጥጉ የሚርቅበት ልክ፣ በኤክስና በዋይ) -31 እና 0 የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ጨዋታው ስክሪኑን ሲስል "የትኞቹ ታይሎች እዚህ ቦታ ላይ ሊታዩ ይችላሉ?" ብሎ ያሰላል። ለዚህ ስሌት ቋሚ ወሰኖች ሶርስ ኮዱ ውስጥ ተቀምጠዋል፦ ከሰሜናዊው ጥግ ወደ ግራ 32 ፒክስል፣ ወደ ቀኝ 32 ፒክስል፣ ወደ ላይ 200 ፒክስል። ታይሉ በዚህ ወሰን ከስክሪኑ ውጭ ከሆነ ጨዋታው ከነጭራሹ አይጠይቀውም። ያንተ ስዕል ከሰሜናዊው ጥግ ወደ ግራም ወደ ቀኝም 128 ፒክስል ይሄዳል። ስለዚህ ሰሜናዊው ታይል ከስክሪኑ ጠርዝ 32 ፒክስል ሲያልፍ፣ ገና ስክሪኑ ላይ ያለው 96 ፒክስል ስዕል አብሮት ይጠፋል። ሕንጻውን ስታፈርሰውም እዚያው ወሰን ውስጥ ያለው ብቻ ስለሚታደስ ከዚያ ውጭ ያለው ቁራጭ ካርታውን እስክታንቀሳቅስ ድረስ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ይህን አይተኸው ይሆናል።

ባቡሩም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የሚንቀሳቀሰውና የቆመው ነገር የሚደረደረው በስዕሉ ሳይሆን በወሰን ሳጥኑ (ነገሩ የያዘውን ቦታ ለጨዋታው በሚነግረው የማይታይ ሳጥን) ነው። ያንተ ሳጥን የተቀመጠው ታይል (0፣0) ላይ ብቻ ነው። የኤክስ ቁጥር በስክሪን ላይ ወደ ታች ግራ ይጨምራል፤ የዋይ ቁጥር ወደ ታች ቀኝ። በጀርባ ግራ የሚያልፈው ባቡር ለምሳሌ (3፣-1) ላይ ሲደርስ፣ ለተመልካቹ ከ(0፣0) የቀረበ ስለሆነ ከሕንጻው በኋላ ይሳላል። ስዕልህ ግን እስከ ኤክስ 3 ድረስ ተዘርግቷል። ባቡሩ ግድግዳ የሚወጣው በዚህ ነው።

#3 ሐዲድ_ዘርጊ

በጣም ግልጽ ነው፤ እጅህ ይባረክ። ሳጥኑንስ ኤክስኤክስቴንት 64፣ ዋይኤክስቴንት 64 ብዬ ባሰፋው? 16 በአንድ ታይል ከሆነ 64 ለአራት ታይል ይበቃል።

#4 ሰሜን_ጥግ

ባቡሩ ይስተካከልልሃል፤ ስሌትህ ልክ ነው። የስዕሉ መጥፋት ግን ሳጥን አያውቅም፤ 32 እና 200 የሚባሉት ወሰኖች ሳጥኑን ስታሰፋ አብረው አይሰፉም። ማማውን ለብቻው ልትስል ስትሞክር ደግሞ ሁለቱ ሳጥኖች እርስ በርስ ይገባሉና የቱ ከፊት እንደሚመጣ ጨዋታው ይምታታበታል። ስለዚህ መቁረጥ ነው ያለው። መቁረጡ አስፈሪ አይደለም፤ ያንተን ሕንጻ ይዤ ላሳይህ።

ማማውን ሰሜናዊው ታይል (0፣0) ላይ ለብቻው አቁመው። አዳራሹን ከኤክስ 1 እስከ 3፣ ከዋይ 1 እስከ 3 ባሉት ዘጠኝ ታይሎች ላይ አድርገው። የቀሩት ስድስቱ አደባባይ ይሆናሉ። ማማውንና አዳራሹን በሁለት የተለያዩ ሬንደሮች አውጣ። አዳራሹ የሚሸፍነውን የማማ እግር ራስህ አትቁረጠው፤ ከፊት ያሉት ታይሎች በኋላ ስለሚሳሉ ራሳቸው ይሸፍኑታል።

የ3×3 አዳራሽ ሬንደር 192 ፒክስል ስፋት አለው፤ መሬት ላይ የሚይዘው ሮምበስ 95 ፒክስል ቁመት አለው። ይህን በቁም ሰንጥቀው። ከተመልካቹ ፊት ያለው ደቡባዊው ታይል (3፣3) መካከለኛውን 64 ፒክስል ይወስዳል፦ ከ64 እስከ 127። ከእሱ ወደ ግራ ያለው (3፣2) ግራ ግማሹን ብቻ ይወስዳል፦ ከ32 እስከ 63። ቀጥሎ (3፣1) ከ0 እስከ 31። በቀኝ በኩል (2፣3) ከ128 እስከ 159፣ (1፣3) ከ160 እስከ 191። አምስት ቁራጭ ብቻ ነው። ከኋላ የቀሩት አራት የአዳራሽ ታይሎች መሬት እንጂ ሕንጻ አይኖራቸውም፤ ጣሪያው በሙሉ በፊተኞቹ ቁራጮች ውስጥ ገብቷልና።

እያንዳንዱ ቁራጭ የት እንደሚያልቅ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከሮምበሱ አናት 0 ብለህ ስትቆጥር የደቡባዊው ቁራጭ የመጨረሻ ረድፍ 94 ነው። የ(3፣2)ና የ(2፣3) 78 ነው። የ(3፣1)ና የ(1፣3) 62። በየደረጃው 16 ይቀንሳል። ከዚያ ዋይ ኦፍሴቱ ለሁሉም አንድ ቀመር ነው፦ 31 ሲቀነስ የቁራጩ ቁመት። ቁራጩ 120 ፒክስል ከሆነ -89 ነው። ኤክስ ኦፍሴቱ ለመካከለኛውና ለግራ ቁራጮች -31፣ ለቀኝ ቁራጮች ግን 1። ቀኙ ግማሽ የሚጀምረው ከሰሜናዊው ጥግ በስተቀኝ ስለሆነ ነው።

በኮዱ ውስጥ አንድ ስዊች (እንደ ቁጥሩ መንገድ የሚመርጥ ብሎክ) በሪለቲቭ_ኤክስ (ታይሉ በሕንጻው ውስጥ ባለው የኤክስ ቁጥር)፣ በውስጡ ሌላ ስዊች በሪለቲቭ_ዋይ ታደርግና እያንዳንዱን ጥንድ ወደ ራሱ ስፕራይትሌይአውት (የታይሉን ስዕሎች የሚዘረዝር ብሎክ) ትመራዋለህ። ያልተጠቀሰው ሁሉ በነባሪው ወደ አደባባይ ይሂድ። ለመሬቱ የጨዋታውን የራሱን ኮንክሪት፣ ስፕራይት ቁጥር 1420፣ ልትጠቀም ትችላለህ።

ሳጥኖቹን ሁሉ 16 በ16 አድርግ፤ ከታይሉ አይውጡ። ዜድኤክስቴንት የሕንጻው እውነተኛ ቁመት በፒክስል ይሁን። ሌላ ሕንጻ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ገልብጠህ አትተወው፤ አጭር ከሆነ በላዩ የሚያልፍ አውሮፕላን ወይም አጠገቡ ያለ ድልድይ ተራው ይዛባል።

#5 ፒክስል_ለቃሚ

ሰሜን_ጥግ የጻፈው ላይ የቁመቱን ነገር ልጨምር፤ 200 ፒክስሉን ከሬንደሩ በፊት ካላሰባችሁበት ሙሉ ሥራው ይደገማል።

የብሌንደር (የ3ዲ ሞዴል ሶፍትዌሩ) ካሜራ ኦርቶግራፊክ (ሩቁን የማያሳንስ)፣ ከአግድም 30 ዲግሪ ከፍታ (በብሌንደር የኤክስ ሮቴሽን 60)፣ ዞሩ 45 ዲግሪ። ይህ 2 ለ1 የሆነውን ሮምበስ በትክክል ይሰጣል። በዚህ ማዕዘን የቆመ ነገር ቁመት በ0.866 ይባዛል። አሁን ስኬል ምረጡ። አንድ ታይል 20 ሜትር ነው ካልን የታይሉ ሰያፍ 28.28 ሜትር ነው፤ እሱ 64 ፒክስል ስለሚሆን በአግድም 1 ሜትር 2.26 ፒክስል፣ በቁም ደግሞ 1.96 ፒክስል ይመጣል።

የኅብረቱ ማማ 99.9 ሜትር ነው። ቁጥሩ ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው፤ ኅብረቱን ለማቋቋም የሲርት መግለጫ የወጣበትን 9/9/99 እንዲያስታውስ ነው። በ1.96 ሲባዛ 196 ፒክስል ይሆናል። እግሩ ታይሉ መሀል ላይ፣ ከሰሜናዊው ጥግ 16 ፒክስል ዝቅ ብሎ ስለሚቆም አናቱ ከጥጉ 180 አካባቢ ላይ ነው። ይገባል፣ የአንቴና ቦታም ይተርፋል። ማማውን ግን ከ20 ሜትር ታይል ሳይወጣ አቅጥናችሁ ሞዴል አድርጉት፤ 64 ፒክስሉን ካለፈ ያው የመጥፋት ችግር ተመልሶ ይመጣል።

በዚሁ ስኬል የንግድ ባንክን አዲሱን ዋና መሥሪያ ቤት ለመሥራት ለምታስቡ፦ 209 ሜትር ነው፤ 410 ፒክስል ይሆናል። አይሆንም። ታይሉን 40 ሜትር ብላችሁ ስትወስዱት 205 ይመጣል፤ ከጥጉ ሲለካ 189፤ ለትንሽ ይገባል። ሁለቱን ሕንጻዎች በአንድ ስብስብ ውስጥ ማቆም የሚፈልግ ሰው ከመጀመሪያው 40 ሜትሩን ይምረጥ፤ በኋላ ማሳነስ ማለት ሁሉንም እንደገና ሬንደር ማድረግ ነው።

መስታወቱ ቀይ የሆነበት ምክንያት ደግሞ ፓሌቱ (ቁጥር የተሰጣቸው የጨዋታው ቀለሞች ዝርዝር) ነው። በ8 ቢት ፓሌት ከ198 እስከ 205 ያሉት ሰማያዊዎች የኩባንያ ቀለም ናቸው። ስፕራይትሌይአውትህ ውስጥ ሪከለር_ሞድ ሪማፕ የሚል መስመር ይኖራል፤ ከምሳሌ ኮድ የመጣ ይመስለኛል። ሕንጻው በኩባንያ ቀለም እንዲቀየር ካልፈለግህ መስመሩን አጥፋ። ባንዲራው ወይም አንዱ ምሰሶ ብቻ እንዲቀየር ከፈለግህ መስመሩን ተውና መስታወቱን ከእነዚያ ስምንት ቀለሞች አውጣው። ሁለተኛ የኩባንያ ቀለም የምትጠቀም ከሆነም ከ80 እስከ 87 ያሉት አረንጓዴዎች ተመሳሳይ ናቸው።

ከ227 እስከ 254 ያሉት ደግሞ የሚንቀሳቀሱ ቀለሞች ናቸው፤ ውኃና እሳት በእነሱ ነው የሚብለጨለጨው። ሬንደሩን ወደ ፓሌት ስትቀይር ሶፍትዌሩ "የሚቀርበውን ቀለም" ሲፈልግ እዚያ ይገባና ግድግዳህ እንደ ባሕር ይንቀሳቀሳል። ኤንኤምኤልሲ (የኤንኤምኤል ኮምፓይለር) ኮምፓይል ሲያደርግ "ይህን ያህል ፒክስል አኒሜትድ ነው" ብሎ ያስጠነቅቃል፤ ንጹሕ ነጭ፣ 255፣ ሲያገኝም እንዲሁ። ኤረር ስላልሆነ ብዙ ሰው ሳያነበው ያልፋል። ማንበብ ነው።

በጊምፕ (የስዕል ማስተካከያ ሶፍትዌር) ስትቀይሩ፦ ሞድ፣ ኢንዴክስድ፣ የራሱን የጨዋታውን ፓሌት ምረጡ፤ "ያልተጠቀሙትን ቀለሞች አስወግድ" የሚለውን ሳጥን ምልክቱን አንሱ፤ ዲዘሪንግ (ቀለምን በነጠብጣብ ማደባለቅ) "የለም" ይሁን። ያንን ምልክት ካላነሳችሁ የቀለሞቹ ቁጥር ይዘበራረቅና ኤንኤምኤልሲ ፓሌቱን አላውቀውም ይላል። 0 ቁጥር ያለው ሰማያዊ ጨዋታው ውስጥ የማይታይ (ግልጽ) ነው፤ ከሕንጻው ውጭ ያለው ሁሉ እሱ ይሁን። የፒኤንጂ አልፋ በ8 ቢት አይሠራም።

#6 ጣሪያ_ቆራጭ

የሰሜን_ጥግ አቆራረጥ ለ3×3 አዳራሽ ትክክል ነው። ግን ይህን ክር አንብቦ 6×6 ሊሠራ ለሚነሣ ሰው ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል።

በቁም በሚሰነጠቀው ዘዴ ደቡባዊው ታይል ከኋላው ያለውን ጣሪያ ሁሉ ይሸከማል። የሕንጻው የኋላ ጥግ ከደቡባዊው ታይል ሰሜናዊ ጥግ በላይ፣ በየአንዳንዱ ታይል ጥልቀት 32 ፒክስል ከፍ ይላል። ስለዚህ ለካሬ ሕንጻ የሚተርፋችሁ የግድግዳ ቁመት 200 ሲቀነስ 32 ሲባዛ በ(ታይል ሲቀነስ 1) ነው። ለ3×3፦ 136 ፒክስል። ለ4×4፦ 104። ለ6×6፦ 40። ለ7×7፦ 8 ፒክስል፤ አጥር እንኳ አይሆንም። 8×8 ላይ ጠፍጣፋ ጣሪያ ራሱ ያልፋል።

ከ5×5 በላይ ስትሄዱ ጣሪያውን ለየታይሉ አካፍሉ። እያንዳንዱ ታይል 64 በ31 የሆነችውን የራሱን የጣሪያ ሮምበስ በግድግዳው ቁመት ልክ ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ይይዛል፦ ግድግዳው 90 ፒክስል ከሆነ ዋይ ኦፍሴቱ -90 ነው። ግድግዳ የሚኖራቸው የፊተኞቹ ሁለት ጎኖች ታይሎች ብቻ ናቸው። የስፕራይት ቁጥሩ ይበዛል፤ ግን መካከለኛው ጣሪያ ሁሉ ተመሳሳይ ከሆነ አንዱን ስፕራይት ለሃያ ታይል መጠቀም ይቻላል። መጋዘንና ተርሚናል ለሚሠራ ሰው እንዲያውም ይህ ይቀላል።

የኦብጀክት ትልቁ ልክ 15×15 ነው። በዚህ ዘዴ እስከዚያ ድረስ ያለ ችግር ይሄዳል።

#7 ሰሜን_ጥግ

ቀመሩ ልክ ነው። ለጉልላትና ለክብ ነገር ግን ጣሪያ በታይል ማካፈል ጣጣው ይበዛል፤ ጉልላቱ በየታይሉ የተለያየ ከፍታ ስላለው ስፌቱ ይታያል። የሐዲድ_ዘርጊ አዳራሽ ከ136 ፒክስል በታች ስለሆነ በቁም ይሰንጥቀው።

#8 ሐዲድ_ዘርጊ

ቆረጥኩት። ስዕሉ አሁን አይጠፋም፤ ባቡሩም በጀርባ ሲያልፍ በትክክል ይሸፈናል። ሁለት ነገር ቀረኝ። አዳራሹ ግራና ቀኙ ተገለባብጧል፤ በር ያለው ጎን በቀኝ መሆን ሲገባው ቁራጮቹ በግራ ተበታትነዋል፤ መካከለኛው ብቻ ቦታው ላይ ነው። 4 እጥፍ ዙም የሠራሁት ስዕል ደግሞ ሲቀርብ በቁራጮቹ መካከል የፀጉር ያህል ክፍተት አለው።

#9 ፒክስል_ለቃሚ

የመጀመሪያው የአክሲስ ነገር ነው። ኤክስ ወደ ቀኝ የሚጨምር መስሎህ ነው፤ በዚህ ጨዋታ ኤክስ ወደ ታች ግራ ነው የሚሄደው። ኤክስ 3 የሆኑት ታይሎች የግራው የፊት ጎን ናቸው። (3፣2)ንና (2፣3)ን፣ (3፣1)ንና (1፣3)ን አቀያይር። (3፣3) ያልተነካውም ለዚህ ነው፤ ቢገለበጥም ያው ነው።

ክፍተቱ፦ 4 እጥፉን ከ1 እጥፍ ቁጥሮች ስታወጣ ሁሉም በ4 አይባዛም። ስፋትና ኤክስ ኦፍሴት በ4 ይባዛሉ፦ 64 ወደ 256፣ 32 ወደ 128፣ -31 ወደ -124፣ 1 ወደ 4። የሮምበሱ ቁመት ግን 31 በ4፣ 124 ሳይሆን 127 ነው። ስለዚህ ዋይ ኦፍሴቱ 127 ሲቀነስ የቁራጩ ቁመት ይሆናል። ግራው ቁራጭ ከ-124 ጀምሮ 128 ሄዶ 3 ላይ ያልቃል፤ ቀኙ 4 ላይ ይጀምራል። ያንተ ቀኝ ቁራጭ ኤክስ ኦፍሴቱ ምናልባት 5 ነው፤ አንድ ፒክስል ክፍተት የሚፈጥረው እሱ ነው።

ሌላው ምክንያት አንቲአሊያሲንግ (ጠርዝን ማለስለስ) ነው። እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው ሬንደር ካደረግህ ጠርዞቹ ግማሽ ግልጽ ይሆናሉ፤ ሁለት ግማሽ ግልጽ ጠርዝ ጎን ለጎን ሲመጣ ከኋላ ያለው ሳር ያሳልፋል። ሙሉውን አንዴ ሬንደር አድርገህ ከዚያ በቀጥታ መስመር ቁረጥ።

የ32 ቢቱን ስዕል በኦልተርኔቲቭ_ስፕራይትስ ስታስገባ የ8 ቢቱን አታውጣው። 32 ቢት ብሊተር (የጨዋታው ስዕል ማሳያ ክፍል) ሳይከፍት የሚጫወት ሰው የሚያየው እሱን ነው። የኩባንያ ቀለም እንዲሠራም ለ32 ቢቱ ለብቻው የማስክ ፋይል (የትኛው ፒክስል እንደሚቀየር የሚያሳይ ስዕል) ያስፈልገዋል።

#10 ሐዲድ_ዘርጊ

5 ነበር። አሁን ስፌቱ የለም።

መምረጫ መስኮቱ ግን አንዱን ባዶ የአደባባይ ታይል ብቻ ነው የሚያሳየኝ። ስሙን በአማርኛ ጽፌው ደግሞ ከእኔ ኮምፒውተር ውጭ ሳጥን ሳጥን ይላል።

#11 ሰሜን_ጥግ

መምረጫው የሚስለው አንድ ሌይአውት ብቻ ነው፤ የትኛው ታይል እንደሆነም አያውቅም፤ ሪለቲቭ_ኤክስ እዚያ ትርጉም የለውም። ስለዚህ ስዊችህ ትክክለኛውን ታይል ሊመርጥ አይችልም። ግራፊክስ በሚለው ብሎክ ውስጥ ከዲፎልት ጎን "ፐርቸስ" የሚል መስመር ጨምርና ወደ ሌላ ትንሽ ሌይአውት ምራው። ለእሱ ሕንጻውን 64 ፒክስል ስፋት ውስጥ እንዲገባ አሳንሰህ አንድ ስፕራይት ሥራ። ዝም ብለህ በሶፍትዌር አታሳንሰው፤ በ8 ቢት ፓሌት ጭቃ ይመስላል። ከብሌንደር በትንሹ እንደገና አውጣው።

ስሙን በተመለከተ፦ ኤንኤምኤልሲ ነባሪ ቋንቋ አድርጎ የሚፈልገው እንግሊዝኛ የሚለውን ፋይል ነው፤ ስለዚህ የአማርኛውን ጽሑፍ እዚያ ፋይል ውስጥ ብትጽፈው ለሁሉም ይታያል። ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 ሆኖ ሴቭ ይደረግ። ሳጥን ሳጥን የሚለው ግን የፊደል ችግር ነው። ከጨዋታው ጋር የሚመጣው ፎንት ፊደላችን የለውም። ተጫዋቹ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ኮምፒውተሩ ላይ ጭኖ፣ ኦፕንቲቲዲ.ሲኤፍጂ ውስጥ ሚስክ በሚለው ክፍል ስር ያሉትን የትንሽ፣ የመካከለኛና የትልቅ ፎንት መስመሮች በዚያ ስም መሙላት አለበት። ይህን ከፋይሉ ጋር በሚሄደው ማብራሪያ ውስጥ ጻፈው። ስሙን በሁለት ፊደል፣ በአማርኛም በላቲንም፣ አንድ ላይ መጻፍም ያስኬዳል፤ ፎንት የሌለው ሰው ቢያንስ ግማሹን ያነባል።

#12 ለገሃር_ሰፈር

ክሩን ስከታተል ነበር። አንድ ጥያቄ አለኝ። እንዲህ ያለ ሕንጻ መንገደኛ ካላስገኘ ለትራንስፖርት ጨዋታ ጌጥ ብቻ አይሆንም? አውቶቡስ ፌርማታ አጠገቡ ሳቆም ከአዳራሹ ሰው እንዲወጣ እፈልጋለሁ።

#13 ጣሪያ_ቆራጭ

ኦብጀክት ጭነት አያመነጭም፣ አይቀበልም፣ ነዋሪም የለውም። ሌሎች ሁለት መንገዶች አሉ።

አንዱ የከተማ ቤት ነው። ትልቁ ልኩ 2×2 ነው፤ ከዚያ በላይ ሞተሩ አይፈቅድም። አራት መለያ ቁጥር ይወስዳል፤ የትኛው ታይል እንደሆነ በሃውስ_ታይል ትለየዋለህ። ነዋሪው የሚጻፈው ለሰሜናዊው ታይል ሲሆን ከ255 አያልፍም። የሚቀበለው ጭነት በስምንተኛ ነው የሚለካው፤ 8 ካልከው ያ አንድ ታይል ብቻውን ለፌርማታው ይበቃል። ሰብስቲትዩት (ፋይልህ ሲወጣ በቦታው የሚተካው ቤት) የሚለው ንብረት ላይ ተመሳሳይ ልክ ያለው የጨዋታው የራሱ ቤት መጠቀስ አለበት፦ ለ2×2 ስታዲየሙን፣ ቁጥር 20ን፣ ጥራ። እዚያ ላይ የ1×1 ቤት ቁጥር መጻፍ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ልኩ ስለማይገጥም ቤቱ ያንተ ፋይል ሲወጣ ካርታው ላይ ችግር ያመጣል። በአንድ ከተማ አንድ ብቻ እንዲሆን ከፈለግህ የስታዲየም ወይም የቤተ ክርስቲያን ፍላግ አለ፤ ግን ያኔ እውነተኛው ስታዲየም ለዚያ ከተማ አይሠራም። ቤትን የሚተክለው ከተማው እንጂ አንተ አይደለህም፤ የሚያፈርሰውም እሱ ነው። ዝቅተኛ ዕድሜውን ከፍ አድርገህ ጻፍ፤ አለዚያ በትንሽ ጊዜ ውስጥ ሱቅ ይተካበታል።

ሌላው ኢንዱስትሪ ነው። ከ2×2 በላይ ሆኖ መንገደኛ እንዲሰጥና እንዲቀበል ከተፈለገ ያለው እሱ ነው። የመቁረጡ ነገር አንድ ነው፤ 32ና 200 ለኢንዱስትሪ ታይልም ይሠራሉ። የኢንዱስትሪውን ዓይነት ግን አስብበት። "ፕሮሰሲንግ" ካልከው አምስት ዓመት ምንም ሳይደርሰው ሲቀር የመዘጋት ዕድል አለው። ጉባኤ አዳራሽ ይዘጋል ማለት አይደለም እኮ፤ "ብላክ ሆል" የሚባለውን ዓይነት ስጠው፤ አይዘጋም።

ለራሴ ምርጫ ብባል ኦብጀክቱን እንደ ሐዲድ_ዘርጊ አቁሜ መንገደኛውን ከዙሪያው ከሚበቅሉት የከተማ ቤቶች እወስዳለሁ። ኢንዱስትሪ በአግባቡ መሥራት ከኦብጀክቱ ሦስት እጥፍ ሥራ ነው።

#14 ለገሃር_ሰፈር

2×2 ቤቱን እሞክራለሁ። የመንገድ አቀማመጡስ ይነካዋል?

#15 ጣሪያ_ቆራጭ

አዎ። ከተማው በ2×2 ወይም በ3×3 ፍርግርግ የሚያድግ ከሆነ በመንገዶቹ መካከል ለቤቱ የሚበቃ ቦታ አለ። በሌላው አቀማመጥ መንገዶቹ ቦታውን ቀድመው ስለሚቆራርጡት ትልቁ ቤት ቦታ ላያገኝ ይችላል። ፕሮባቢሊቲውን ብታሳድገውም ቦታ ከሌለ ቦታ የለም።

#16 ሰሜን_ጥግ

ሐዲድ_ዘርጊ፣ ባናናስ (የጨዋታው ተጨማሪዎች ማከፋፈያ) ላይ ከመጫንህ በፊት ነገሩን ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ አስተካክል።

ኦፕንቲቲዲ.ሲኤፍጂ ውስጥ ጂዩአይ በሚለው ክፍል ኒውጂአርኤፍ_ዴቨሎፐር_ቱልስ ትሩ አድርግ። ከዚያ ኮንትሮልና ቢ ስትጫን የወሰን ሳጥኖቹ በመስመር ይታያሉ። አንዱ ሳጥን ከጎረቤቱ ጋር የገባ እንደሆነ በዓይን ታየዋለህ። በጥያቄ ምልክቱ ዝርዝር ውስጥ ስፕራይት አላይነር ይከፈታል፤ ኦፍሴቱን እዚያ እያንቀሳቀስህ ልኩን ታገኛለህ፤ ግን ቁጥሩን ወደ ኮድህ መልሰህ መጻፍ አትርሳ፤ አላይነሩ ፋይሉን አይቀይርም። በየለውጡ ጨዋታውን መዝጋት አያስፈልግም፤ ኮንሶሉን ከፍተህ ሪሎድ_ኒውጂአርኤፍስ በል። ይህ አንዳንዴ ጨዋታውን ይጥለዋል፤ በሙከራ ካርታ ላይ ብቻ አድርገው።

ሙከራው እንዲህ ይሁን፦ ሕንጻውን በአራቱም ጎን በሐዲድ ክበበው፤ ባቡር አዙር። ከዚያ ሕንጻውን ወደ ስክሪኑ አራት ጠርዞች ጎትተው። በተለይ ወደ ታች፤ የማማው እግር ከስክሪኑ ታች ወጥቶ አናቱ ብቻ ሲቀር መታየቱን ተመልከት። 200 ያለፈ ማማ የሚጋለጠው እዚያ ነው። በመጨረሻ አፍርሰውና ትርፍራፊ መቅረቱን እይ።

ኦብጀክቱ ሁለት እይታ (የሚዞርበት አቅጣጫ) ካለው፣ ሁለተኛው ሲተከል ኤክስና ዋይ ይቀያየራሉ። ለአንተ 4×4 ስለሆነ ልኩ አይታወቅብህም፤ የቁራጮቹ ስዊች ግን በእይታ መለየት አለበት።

ጂአርኤፍአይዲው (የፋይልህ መለያ) አራት ባይት ነው፤ ከምሳሌ ኮድ የተገለበጠ ከሆነ ቀይረው፤ አንድ መለያ ያላቸው ሁለት ፋይሎች አብረው አይጫኑም። ኦብጀክቱ የያዘውን ቁጥርና 4×4 ልኩን ከወጣ በኋላ አትንካ። ሴቭ የተደረገ ካርታ የሚያስታውሰው እነዚያን ነው። መቀየር ግድ ከሆነ አዲስ ቁጥር ስጠው፤ የድሮውን እንዳለ ተወው።

#17 ሐዲድ_ዘርጊ

ሙከራውን አደረግሁት። ባቡሩ በአራቱም ጎን ልክ ነው፤ ማማው ከታች ሲወጣ አናቱ ይታያል። አንድ ያልጠበቅሁት ነገር ዋጋው ነው፤ የግንባታ ማባዣውን ለአንድ ሕንጻ የሚበቃ መስሎኝ ከፍ አድርጌ ጽፌው በጣም ውድ ሆነ።

#18 ጣሪያ_ቆራጭ

ዋጋው በታይል ቁጥር ይባዛል። 16 ታይል ስለሆነ የምትፈልገውን ለ16 አካፍለህ ጻፍ። የማፍረሻውንም ማባዣ አብረህ እየው።

#19 ፒክስል_ለቃሚ

ሐዲድ_ዘርጊ፣ የ8 ቢቱን ፒኤንጂ ላክልኝና የጉልላቱን ጥላ ልይልህ። በመጨረሻው ምስልህ ላይ በስተግራ ያለው ጎን ደምቋል፤ የጨዋታው የራሱ ሕንጻዎች ግን ብርሃን የሚያገኙት በስተቀኝ ነው። ሌላ ሕንጻ አጠገቡ ሲቆም ያስታውቃል። ብሌንደር ውስጥ ፀሐዩን ወደ ቀኝ አዙረህ አንዴ ሬንደር ብታደርገው ይበቃል፤ ቁርጡና ኦፍሴቱ አይቀየሩም።